የፎልድ 5 ባትሪ ደክሞ እንደሆነ እንዴት ላረጋግጥ? (መልስ)
ያገለገለ ጋላክሲ ዜድ ፎልድ 5 (የሳምሰንግ ታጣፊ ስልክ) ገዝተህ «ቻርጁ ቶሎ ያልቃል፣ ባትሪው ደክሞ ይሆን?» ላልከው፦ ሁለቱን ስክሪኖች ለየብቻ ሞክራቸው።

1. መቶ ሙላው። ብርሃኑን ግማሽ ላይ አድርገህ በውስጠኛው ስክሪን አንድ ሰዓት ቪዲዮ እይ። ስንት ፐርሰንት እንደወረደ ጻፍ።
2. እንደገና ሞልተህ ያንኑ ቪዲዮ አጥፈኸው በውጪው እይ።

የውስጡ 7.6 ኢንች፣ የውጪው 6.2 ነው። ትልቁ ብዙ ቢበላ አይግረምህ። በትንሹም ቶሎ ከወረደ ግን ባትሪውን ጠርጥር።

ስልኩ ቻርጅ ሲደረግ እስከ 25 ዋት ይቀበላል። ስትሰካው «ሱፐር ፋስት ቻርጂንግ» ካላለህ መጀመሪያ ገመዱንና የቻርጀሩን ጭንቅላት ቀይረህ ሞክር።

አደራ፣ አልጋ ላይ አትሰካው። እኔ ማታ ብርድ ልብስ ላይ ስሰካው ይግል ነበር፤ ሲግል ደግሞ መሙላቱ ይንቀራፈፋል። ጠረጴዛ ላይ ሳደርገው ተስተካከለ።