ድሮን ለምትሠሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ በእጁ የሠራትን ትንሽ ድሮን ይዞ ቤቴ መጣ። ግቢው ውስጥ አስነሣት። ቀጥ ብላ ወጣችና ከአናታችን በላይ ቆመች። ከሠላሳ ዓመት በላይ የአውሮፕላን መሣሪያ ስጠግን ኖሬ እንኳ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ከዚያ "ከመነሣቷ በፊት ምን ምን አየህ?" ስለው፣ "ብትወድቅስ፣ ሰው የለባት" አለኝ። ይቺን ደብዳቤ ያጻፈችኝ ያቺ መልስ ናት።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1849 ኦስትሪያ ቬኒስን ከብባ ሳለ ቦምብ የተንጠለጠለባቸው ፊኛዎች ወደ ከተማዋ ለቀቀች። የሚነዳቸው ነፋስ ብቻ ነው። ነፋሱ ሲዞር አንዳንዶቹ ወደ ላኪዎቻቸው ተመለሱ። ፊኛዎቹ ላይ ሰው አልነበረም። ቬኒስ ውስጥ ግን ነበረ።

በ1896 ደግሞ አሜሪካዊው ሳሙኤል ላንግሊ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ከቆመ ጀልባ አንዲት ሰው ያልያዘች አውሮፕላን አስወነጨፈ። በእንፋሎት ሞተር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በረረች። የራይት ወንድማማቾች ከመብረራቸው 7 ዓመት በፊት ማለት ነው።

እኔ በሙያዬ ምክንያት ብዙ ያሰብኩባት ግን በ1918 ኦሃዮ ውስጥ፣ ዴይተን ከተማ የተሠራችው ናት። ሠሪዋ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው፤ ኦርቪል ራይት አማካሪው ነበር። "ባግ" ይሏታል። አካሏ እንጨትና በሙጫ የጠነከረ ወረቀት ነው። 80 ኪሎ ያህል ፈንጂ ይዛ እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንድትሄድ ታስባ ነው የተሠራችው። ሬዲዮ የላትም። አቅጣጫዋን የሚጠብቅላት ጋይሮስኮፕ የሚባል፣ በፍጥነት የሚሽከረከር መንኰራኩር ያለው መሣሪያ ነው። ከፍታዋን የምታውቀው በአየር ግፊት መለኪያ ነው። መድረሷንስ በምን ታውቃለች? ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር መሣሪያ አላት። ቁጥሩ ሲሞላ ሞተሩ ይጠፋል፣ ክንፎቿን የያዙት ብሎኖች ይለቃሉ፣ እሷም ትወድቃለች።

ያንን ቁጥር ማን ሞላው? መሬት ላይ የቆመ ሰው ነው። ከመነሣቷ በፊት የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የዒላማውን ርቀት አስልቶ ሞተሩ ስንት ጊዜ መዞር እንዳለበት ይወስናል። እሱ ከተሳሳተ አየር ላይ የሚያርምለት የለም። ሰውየው ቦታውን ቀየረ እንጂ አልቀረም። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም፤ ሽቅብ ወጥታ ተከሰከሰች። በወሩ አንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃና ለውጊያ ሳትውል ቀረች።

የራሴንም ልንገራችሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ አውሮፕላን ሊታጠብ ሲል ውሃ እንዳይገባ የአየር ግፊት የሚለካባትን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፈንኩ። ታጥቦ ሲያልቅ ሳላነሣው ረሳሁት። ቅጹ ላይ ፈረምኩ። ከፍታ መለኪያው የሚሠራው በዚያች ቀዳዳ ነው። አብራሪው ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኑን ሲዞር አየው። በጥፍሩ ልጦ አነሣውና መጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ፕላስተሩ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

እናንተ እንዲህ የሚያድናችሁ አብራሪ የላችሁም። ስለዚህ ድሮኗን ከማስነሣታችሁ በፊት ራሳችሁ ገብታችሁ እንደምትበሩባት ሆናችሁ እዩዋት። ክንፏን በጣታችሁ ነካ አድርጉት፣ ላልቶ እንደሆነ። ባትሪዋን ለኩ። ነፋሱን ተመልከቱ። የወደቀችበትን ቀን ሁሉ ከነምክንያቱ ደብተር ላይ ጻፉ፤ የሚያሳፍረውንም ጭምር። ከሥር ያለው የማን ጣሪያ፣ የማን ገበያ እንደሆነ እወቁ። አንድ ቀን እጃችሁ የሠራውን ለጦር መሣሪያ እንፈልገዋለን የሚል ሰው ቢመጣም መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱኑ ይሁን፤ ከታች ማን አለ?

ስለ ስሙም ልጨምር። ድሮን በእንግሊዝኛ ወንዱ ንብ ነው፤ የእኛ ንብ አርቢዎች ድንጉላ የሚሉት። እንግሊዞች በ1935 ለተኩስ መለማመጃ "ኩዊን ቢ"፣ ማለትም ንግሥት ንብ፣ የምትባል በሬዲዮ የምትታዘዝ አውሮፕላን ሠሩ። አሜሪካኖቹ ድሮን የሚለውን ስም ያወጡት ከእሷ ተነሥተው ነው ይባላል። መሬት ላይ ያለው ሰው እንደ ድሮ ስልክ ቁጥር እያዞረ ነበር የሚያዛት። የፊት መቀመጫዋን ግን አላነሡትም። ሲያስፈልግ አብራሪ ገብቶ ያበራት ነበር።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎኛል። ብሎኖቿን አንድ በአንድ አብረን እናያለን። ነፋሱ ካላስቸገረን እናስነሣታለን።