ስክሪኑ እየጠፋ የሚነሳው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ጅማ ነው። መኪናዬ ላይ ያስገጠምኩት የአንድሮይድ ስክሪን ከአጋሮ ስመለስ በየአምስት ደቂቃው እየጠፋ ራሱን ያስነሳል። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ይብስበታል። ሻጩ «ሶፍትዌሩ ነው፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። ልግዛ?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታውጣ! ኮረኮንች ላይ ከባሰ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሽቦውን ነው። ሶፍትዌር ቢሆን አስፋልት ላይም እኩል ባስቸገረህ ነበር።

ከስክሪኑ ጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዋና ሽቦዎች አሉ። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪው ኃይል ያገኛል። ቀዩ ደግሞ ኃይል የሚያገኘው የመኪናው ቁልፍ ሲዞር ብቻ ነው። ጥቁሩ ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰራል። እኔ ሁሌ ከጥቁሩ ነው የምጀምረው። ቀለም ወይም ዝገት ላይ ከታሰረ ኃይሉ ይቆራረጣል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ከዚያ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ ሽቦውን በብሎን አጥብቀው። በእጅ ተጠምዝዞ በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ ካገኘህ አስበይደው። በእኛ በጅማ ዝናብና እርጥበት እንዲህ ያለ መጋጠሚያ ብዙ አይቆይም። በዚህ ምክንያት ደህና ስክሪን ሲጣል ሳይ ከልቤ አዝናለሁ።

ባትሪውንም በቴስተር ለካው። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ደህና ነው። ፍላሽና የስልክ ገመድ ነቅለህም ሞክር፤ የተበላሸ ፍላሽ ስክሪኑን እያጠፋ ሊያስነሳው ይችላል። ፋክተሪ ሪሴት (ስክሪኑን ከፋብሪካ እንደወጣ መመለስ) የመጨረሻው ነው፣ የቆጠብከውን ሁሉ ያጠፋብሃል።