«ይሄ እንኳ ተራ ነገር ነው» – የእናቶች ጥያቄና መልስ

የዚህ ዙር ደብዳቤዎች ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው። አንድ አያት ጽፈዋል፣ አንድ አባትም አለ፤ የቀሩት እናቶች ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። የአማት ሐሜቱንም ቆርጬ አውጥቻለሁ፤ እሱ ብቻውን ሌላ ዓምድ ይሞላ ነበር።

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ልጄን ሁለት ቀን ሙሉ አተኮሳት። 39 ደርሷል። ሁሉም «ጥርስ ነው» ይለኛል። ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቂ። ጥርስ ድድ ያሳብጣል፣ ለሃጭ ያበዛል፣ ያነጫንጫል። ሙቀትን 39 አያደርስም። ጥርስ የሚወጣበት ዕድሜ ከእናት የተገኘው የበሽታ መከላከያ የሚቀንስበት፣ ሕፃኑም ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትበት ጊዜ ነው። ኢንፌክሽኑና ጥርሱ ይገጣጠሙና ወቀሳው ጥርስ ላይ ይወድቃል። የጆሮም ይሁን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን «ጥርስ ነው» እየተባለ ስንት ቀን ያልፈዋል። ዛሬውኑ አሳዪያት። እስከዚያ ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪያት፤ አስፕሪን ግን እንዳትሞክሪ። ከሦስት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ 38 ራሱ ድንገተኛ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ወር ሞላው፣ አይራመድም። የጎረቤቴ ልጅ በ10 ወሩ ይሮጥ ነበር።

መልስ፦ በ10 ወር ማንም አይሮጥም፤ ጎረቤትሽ ትንሽ ጨምራበታለች። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ መቼ ምን እንደሚያደርጉ መዝግቧል። ያለ ድጋፍ መራመድ ከ8 ወር ገደማ አንስቶ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ይመጣል። ጭራሽ ዳዴ ሳይሉ ተነስተው የሄዱም አሉ። 18 ወር ሞልቶት ካልተራመደ፣ አንድ ጎኑን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ከተወ ሐኪም ይየው። እስከዚያ ድረስ «ወፌ ቆመች» ማለቱ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ በግራ እጇ ነው የምትጽፈው። እንዴት ላስተካክላት?

መልስ፦ የተጣመመ ነገር የለም። ተያት።

ጥያቄ፦ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ ሁለት ወሩ ነው። ውሃ ላጠጣው ስል ምራቴ ከለከለችኝ። ማር በጣቴ ላልሰው ብል ደግሞ ጮኸችብኝ። ስንት ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ!

መልስ፦ እናቴ፣ ማሳደግዎን ማን ይክዳል? ግን በዚህ ጉዳይ ምራትዎ ልክ ናት። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። የእርስዎ ሆድ ይችለዋል። የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ይራባና መርዝ ያመነጫል፤ ጡንቻን ያዝላል፣ ትንፋሽም ሊያቆም ይችላል። ቢያሞቁትም አይሞትም። ስለዚህ አንድ ዓመት እስኪሞላው ማር የለም። ውሃም እስከ ስድስት ወር አያስፈልገውም። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፣ በሙቀት ጊዜም ይበቃዋል። ሆዱ በውሃ ከሞላ የሚጠባው ይቀንሳል። ጩኸቷን በተመለከተ፣ ምራትዎ እንቅልፍ የጠገበች አትመስለኝም። ልጁን ሁለት ሰዓት ይያዙላትና ትተኛ፤ ለውጡን ያዩታል። ካላመኑኝ ለክትባት ሲሄዱ ነርሷን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ወር ሲሞላው ሥራ ልመለስ ነው። ይረሳኝ ይሆን? ወተቱንስ እንዴት ላስቀምጥለት? ጥፋተኛ ነኝ።

መልስ፦ አይረሳሽም። ሕፃን ገና ሲወለድ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። የታለበ ወተት ንጹሕና ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አድርጊው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ 6 ወር ያህል ይቆያል። አንዴ የቀለጠውን መልሰሽ አታቀዝቅዢ። ማይክሮዌቭም ተዪው፤ እኩል ስለማያሞቅ አፉን ያቃጥለዋል።

ጥፋተኛ ያልሽውን ግን አልቀበልም። ስዊድን ውስጥ ወላጆች ለአንድ ልጅ 480 ቀን የሚከፈልበት ፈቃድ ይካፈላሉ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ እሱም ለሁሉም ሠራተኛ አይደርስም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ደግሞ ቢያንስ 14 ሳምንት ይላል። አንዷ ዓመት ቤት ስትቀመጥ ሌላዋ በሦስት ወሯ ሥራ የምትገባው በሕግና በደሞዝ ምክንያት ነው። ያው ስምምነት በሥራ ሰዓት የማጥቢያ ወይም የማለቢያ ዕረፍት እንዲሰጥ ያዛል። አገርሽ ምን እንደሚፈቅድ አጣሪና አለቃሽን በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል የተጠየቀ ይረሳል።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ልጄ ሌሊት አራት ጊዜ ይነሳል። ምን ባደርግ እስኪነጋ ይተኛል? (ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። ስንት ደቂቃ እንደተኛ ሰንጠረዥ ሁሉ ተሠርቶለታል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «እኔም እሱ ሲተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ያለ ምክንያት አለቅሳለሁ። ሲስቅልኝ ምንም አይሰማኝም። ይሄ እንኳ ተራ ነገር ነው፣ ይቅርታ።»)

መልስ፦ የልጁን ባጭሩ ልጨርስ። በአራት ወር ሌሊት መንቃት የጤነኛ ልጅ ነው። ሆዱ ትንሽ ነው፣ እንቅልፉም ቶሎ ቶሎ ይቆራረጣል። ሲነቃ ደማቅ መብራት አታብሪ፣ አታጫውቺው፣ አጥብተሽ መልሰሽ አስተኚው። በጀርባው ይተኛ። ፍራሹ ጠንከር ይበል፣ ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ አጠገቡ አይኑር። ሰንጠረዡን ቅደጂው።

አሁን ወደ «ተራው ነገር» እንምጣ።

ከሁለቱ ገጽ ዋናው እሱ ነው። አንቺ ግን ሁለት መስመር ብቻ ሰጠሽው፣ ለዚያውም ይቅርታ እየጠየቅሽ። የእናቶችን ደብዳቤ ሳነብ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በእናንተ አልናደድም። አንዲት ሴት ስለ ራሷ ለመጠየቅ በልጇ እንቅልፍ በኩል ዞራ መምጣቷ ነው የሚያናድደኝ። ደረቷን ቢወጋት እንኳ «ወተቱ ላይ ችግር ያመጣል ወይ?» ብላ ነው የምትጽፍልኝ።

በወለዱ ሰሞን ሆድ መባስና ማልቀስ ብዙ እናቶች ላይ የሚታይ ነው። ሆርሞን በአንድ ጊዜ ይወርዳል፣ እንቅልፍ የለም። ይሄኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አንቺ ግን አራት ወር ሆኖሻል። ልጁ ተኝቶልሽ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ደስታም ካጣሽ፣ ድካም ብቻ አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ መቼም ሊጀምር ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቅርቡ ከወለዱ ሴቶች 13 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፣ በዋናነትም ድብርት ነው። በድሃ አገሮች ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል። ሲስቅልሽ ምንም አለመሰማቱ ልጅሽን አለመውደድ እንዳይመስልሽ። እሱ ራሱ የሕመሙ ምልክት ነው፣ ሕመሙም ይታከማል።

ብዙ ሕዝብ አራስን የሚንከባከብበት ሥርዓት አለው። ቻይና ውስጥ አራሷ አንድ ወር ያህል ቤት ተቀምጣ ታርፋለች። በላቲን አሜሪካ 40 ቀን ነው። ደግ ልማድ ነው። ግን ቀኑ ሲሞላ ጠያቂው ይበተናል፣ እናትየዋም እንደ ዳነች ተቆጥራ ትተዋለች። አራተኛው ወር ላይ ማን ያያታል? የሚመጣ ሰው ቢኖርም የሚጠይቀው ልጁ ስንት ኪሎ እንደገባ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ዘንድ ሂጂ። ስትገቢ «ልጁን ላሳይ» አትበይ፤ «የመጣሁት ለራሴ ነው» በይ። ካፍሽ አልወጣ ካለ የጻፍሽልኝን ሁለት መስመር ገልብጠሽ አሳዪያቸው። በ1987 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የተዘጋጀ፣ የኤድንብራ መጠይቅ የሚባል አለ። 10 ጥያቄ ብቻ ነው፤ ባለፉት 7 ቀናት ምን እንደተሰማሽ ይጠይቃል፣ ወደ ብዙ ቋንቋም ተተርጉሟል። እሱን ልሙላ በያቸው። የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራም ይጨምሩልሽ፤ እነሱም ሰውን እንዲህ ያደርጋሉ። ሕክምናው በንግግር ሊሆን ይችላል። መድኃኒት ቢያስፈልግም ጡት እያጠቡ የሚወሰድ አለ፤ ጡት ያስጥሉኛል ብለሽ እንዳትቀሪ። «አይዞሽ፣ ሁሉም እናት እንዲህ ነው» ብለው ከመለሱሽ ሌላ ሐኪም ፈልጊ።

ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማሽ፣ ወይም ቀናት ሳትተኚ ድካም የማይሰማሽ ከሆነ ግን ሳምንት አይጠበቅም። ልጁን ለሌላ ሰው ስጪና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ብቻሽን አትሁኚ። በዚህ ዓምድ «ሐኪም አማክሩ» ስል አንዳንዴ ለወጉ ያህል ነው። አሁን ግን ለወግ አይደለም። ሂጂ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ምግብ ስታበስል ለሁለት ዓመት ልጃችን ስልክ ትሰጠዋለች። ይጎዳዋል አይደል? በአንቺ በኩል ቢነገራት ይሻላል።

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር በዚህ ዕድሜ ስክሪን በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥ ይላል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ስለዚህ ሐሳብህ ትክክል ነው። ደብዳቤህ ላይ ያጣሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እሷ ስታበስል አንተ የት ነህ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ውጭ አገር ነው። የሦስት ዓመት ልጄ ሁለት ቋንቋ ትቀላቅላለች። መምህሯ «የቤታችሁን ቋንቋ ተዉት፣ ግራ እየተጋባች ነው» አለችኝ።

መልስ፦ አትተዪው። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን መቀላቀልም የተለመደ ነው፤ ያወቀችውን ቃል ካለበት ታመጣለች። ስንት ቃል እንደምታውቅ ሲቆጠር ሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ መሆን አለበት። በየትኛውም ቋንቋ በሁለት ዓመቷ ሁለት ቃል ካላጣመረች ወይም ስትጠራ የማትዞር ከሆነ ያኔ የመስማት ምርመራ ይደረግላት። በሌላው ቋንቋ ብትመልስልሽም አንቺ በራስሽ ቀጥዪ፤ ፈተና አታድርጊው።

ካነሳሽው ላይ አንድ ልጨምር። ትንሽ ከፍ ስትል አስተርጓሚሽ ትሆናለች፤ ሱቅ ውስጥ ምንም አይደል። ሐኪም ፊት ግን አይሆንም። ስምንት ዓመት ያልሞላት ልጅ የእናቷን ማኅፀን ሕመም ልትተረጉም አይገባትም። ቀጠሮ ስትይዢ አስተርጓሚ ጠይቂ፤ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ያቀርባሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ተኝታ ሳለ ጥፍሯን ብቆርጥ ችግር አለው?

መልስ፦ የለውም። ነቅታማ ማን ታስቆርጥሻለች።