የተቆጣ የደም ቧንቧ ላለው ሰው በእግር መሄድ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ የስኳር ሕመምም አለባቸው። ጥቂት መንገድ እንደሄዱ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ቆም ሲሉ ይተዋቸዋል። ሐኪሙ የእግራቸው የደም ቧንቧዎች መጥበባቸውን ነግረዋቸው፣ ሕመሙ እስኪጠናባቸው እንዲራመዱ አዘዋቸዋል። እኔ ግን በዚህ በሽታ የደም ቧንቧው እንደሚቆጣ አንብቤአለሁ። የተቆጣ አካል ዕረፍት አያስፈልገውም ወይ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስጋትዎ መሠረት የለሽ አይደለም። ደም ያነሰው ጡንቻ ከእርምጃ በኋላ ደሙ ሲመለስለት፣ የመቆጣት ምልክት የሆኑ ንጥረ ነገሮች በደም ውስጥ ለጊዜው ከፍ ይላሉ፤ ተመራማሪዎችም በአንድ ወቅት በዚህ ምክንያት እንቅስቃሴው ይጎዳ ይሆን ብለው ጠይቀዋል። ይሁን እንጂ የቧንቧ መቆጣት እንደ ወለምታ በዕረፍት የሚበርድ አይደለም። በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስብ ተጠራቅሞ ነጭ የደም ሴሎችን ሲስብ ለዓመታት የሚቆይ ሂደት ነው፤ ሲጋራ፣ ስኳርና የደም ግፊትም ያባብሱታል።

ሰው ሲራመድ የደሙ ፍሰት ይፈጥንና የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን እየታከከ ያልፋል። ሽፋኑም በምላሹ ናይትሪክ ኦክሳይድ አብዝቶ ያመነጫል፤ ይህም ቧንቧውን ከማላላቱ በላይ ነጭ የደም ሴሎች ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቁ ያግዛል። የሆድ ዕቃ ስብ ሲቀንስም ከዚያ የሚመነጩት አስቆጪ ንጥረ ነገሮች ይቀንሳሉ። ሆኖም የመቆጣትን መጠን በሚያሳየውና ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን በተባለው የደም ምርመራ ላይ የጥናቶቹ ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም፤ በአንዳንዶቹ ቀንሷል፣ በሌሎቹ አልተለወጠም። ስለዚህ አባትዎ እንዲራመዱ የምመክረው የደም ምርመራቸውን ለማሳመር ሳይሆን፣ የሚሄዱት ርቀት እንደሚጨምር በሚገባ ስለተረጋገጠ ነው።

ሕመሙን በተመለከተ፣ በ2021 በአሜሪካ ታትሞ የወጣና 305 ታማሚዎች ለ12 ወራት የተሳተፉበት ጥናት የሐኪምዎን ትእዛዝ ይደግፋል፦ እግር እስኪያማቸው በፍጥነት የተራመዱት ርቀታቸውን ሲያሻሽሉ፣ ሕመም እንዳይሰማቸው ቀስ ብለው የተራመዱት የእርምጃ ልምምድ ካልታዘዘላቸው አልተሻሉም። እንግዲህ ሕመሙ ጠንከር እስኪል ይራመዱ፣ ጨርሶ እስኪተዋቸው ይረፉ፣ እንደገና ይነሡ። ይህን በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን፣ በ30 ደቂቃ ጀምረው ቀስ በቀስ እየጨመሩ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንታት ማዘውተር ይገባል። የእግር ቧንቧ ምን ያህል እንደጠበበ የሚለካበት የቁርጭምጭሚትና የክንድ ደም ግፊት ንጽጽር ብዙም ሳይለወጥ ቢቀር ተስፋ አይቁረጡ፤ ጥቅሙ በአብዛኛው የሚመጣው ከቧንቧው መስፋት ሳይሆን ጡንቻው የሚደርሰውን ኦክስጅን በተሻለ ሁኔታ መጠቀም በመቻሉ ነው። የታዘዙላቸውን ስታቲን (የደም ስብ መቀነሻ) እና አስፒሪን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ግን እርምጃው አይተካቸውም፤ ሲጋራውን አሁንም ካልተዉ ደግሞ ቀዳሚው ሥራ እሱ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ሊደነዝዝ ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እግራቸውንና ጫማቸውን ይመልከቱላቸው። ደረታቸውን ካመማቸው ወዲያው ያቁሙ። ተኝተው ሳሉ የሚያማቸው እግር፣ የማይድን ቁስል ወይም የጠቆረ ጣት ካለ እርምጃውን አስቁመው ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፤ እግራቸው በድንገት ከቀዘቀዘና ከገረጣ ደግሞ ሰዓታት ስለሚወስኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ያድርሷቸው።