ግድግዳችንን በካርቶን የለካችው ባለሙያ

እኅቴ፣ «ኮምቦልቻ አዲስ ቤት ገብተናል፤ የሳሎኑ ግድግዳ ባዶ ነው። ሥዕል የሚመርጥልን ባለሙያ ማምጣት ያዋጣል ወይስ ገንዘብ ማባከን ነው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ የደሴ ሰው ነኝ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው። ይህንኑ ጥያቄ ከሦስት ዓመት በፊት ራሴን ጠይቄ፣ መልሱን በሁለት ባለሙያዎች አግኝቻለሁ። የመጀመሪያው ገንዘቤን በላው፣ ሁለተኛዋ ቤቴን አስተካከለችው። ስለዚህ መልሴ ያዋጣል ነው፤ ነገር ግን የትኛውን ሥዕል እንደምትወጂ ባለሙያ አይነግርሽም። የሚነግርሽ ቤትሽ ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚችል ነው።

የመጀመሪያው ሰው «የቤት ውስጥ ዲዛይነር ነኝ» ባይ ነበር። በስልክ የላክሁለትን ፎቶ አየና ቤቴን ሳይረግጥ በቀጥታ ወደ አንድ ሱቅ ወሰደኝ። ሌላ ሱቅ እንይ ስለው ይቸኩላል። ኋላ እንደሰማሁት ከሻጩም ድርሻ ነበረው። የገዛነው ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ፈረሰኛ ያለበት፣ «የእጅ ሥራ ነው» የተባለ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ግድግዳው ላይ ስሰቅለው ትልቅ ፖስታ ላይ የተለጠፈ ቴምብር መሰለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የደሴ ጉም የራሱን ሥራ ሠራ፤ መስከረም ላይ አውርጄ ብገለብጠው ጀርባው ሻጋታ አብቅሏል።

ሁለተኛዋን ያገኘናት በባለቤቴ የሥራ ባልደረባ በኩል ነው። አዲስ አበባ፣ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ናት። ስትመጣ የያዘችው ሜትርና ማጣበቂያ ፕላስተር ብቻ ነበር። መጀመሪያ ያንን የሻገተ ሥዕል አነሳች። የስልኳን ካሜራ አስጠግታ ምስሉን ስታጎላው፣ ከቀለሙ ሥር ጥቃቅን ነጠብጣቦች ታዩን፤ ህትመት ነው። ከላይ የብሩሽ ጭረት የሚመስለው ቀለም የሌለው ሙጫ ሲሆን፣ ጭረቱም የዛፉንና የቤቱን ቅርጽ ሳይከተል ዝም ብሎ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል። ህትመት መግዛት ነውር የለውም፤ ነውሩ በእጅ ሥራ ዋጋ መግዛቱ ነው።

ከዚያ «እዚህ ቤት ሰው የት ይቀመጣል?» አለችን። ጥያቄው የዋዛ መስሎኝ ነበር። የእኛ ሳሎን ሶፋ የለውም፣ አረቢያን መጅሊስ ነው። እንግዳው ዝቅ ብሎ፣ መከዳ ተደግፎ ነው ቡናውን የሚጠጣው። ሥዕል ቆሞ ለሚያይ ሰው ሲሰቀል መሀሉ ከወለል 145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ በዚህ ልክ ብንሰቅለው ኖሮ የእኛ እንግዳ አንገቱን እንደቀና ይውል ነበር። መሀሉን 115 ላይ አወረደችው። ስፋቱንም ከመቀመጫው ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ያህል አደረገችው፤ 2 ሜትር ከ40 ለሆነው መጅሊሳችን 1 ሜትር ከ60 ማለት ነው።

አላመንናትም። ከባለሱቅ የፓስታ ካርቶን አስለምና፣ ቀጣጥላ፣ በዚያው ልክ ቆርጣ ግድግዳው ላይ ለጠፈችና «ሳምንት አይታችሁ ደውሉልኝ» ብላን ሄደች። አማቴ ገብተው ካርቶኑን ሲያዩ «ልጄ፣ ግድግዳው ታሞ ነው ፋሻ ያሰራችሁለት?» አሉኝ። ሳቅን፤ በሦስተኛው ቀን ግን ልኩ ትክክል መሆኑን እሳቸውም መሰከሩ።

ሁለተኛው ጥያቄዋ «የሚሰግድ ሰው አለ?» የሚል ነበር። እንደ ብዙ የወሎ ቤት የእኛም ድብልቅ ነው፤ እኔ ክርስቲያን፣ አማቴ ሙስሊም። የሚሰግዱት ሳሎን ውስጥ ነው፤ ከዚህ ሆኖ ቂብላው ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፣ ከኮምቦልቻም ያው ነው። ሰውና እንስሳ ያለበት ሥዕል በሚሰግዱበት ፊት እንዲኖር አይወዱም። የመጀመሪያው ሰውዬ ይህን ቢጠይቅ ኖሮ ፈረሰኛ አይሸጥልኝም ነበር! የሰሜኑ ግድግዳ ባዶውን እንዲቀር ተስማማን። የእናንተ ቤት እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ሰጋጅ እንግዳ የማያርፍበት ቤት በእኛ አገር አለ ለማለት ይከብደኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ሥዕል ማውራት የጀመርነው። በስልኳ የብዙ ሰዓሊዎችን ሥራ አሳየችን። በገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕሎች ላይ እኔ «ይኼ ምኑ ነው?» ስል፣ ባለቤቴ ደግሞ በወልድያ ተወላጁ ሰዓሊ በታደሰ መስፍን ሥራዎች ላይ ቆማ ቀረች። ገበያ የሚውሉ ሴቶች ናቸው፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው የቆሙ። «እነዚህማ ሰኞ ገበያ ያሉት ናቸው» አለች። የእሳቸውን ሥራ የምንገዛበት አቅም የለንም። ልጅቱም እንድንገዛ አላሳየችንም፤ ዓይናችን የት እንደሚያርፍ ለማወቅ ነው። በኋላ እዚሁ ደሴ ሦስት ሰዓሊዎች ጋ ወሰደችን፤ ዋጋውን ራሳቸው ነገሩን፣ እሷ ውጭ ቆመች። ለሳሎኑ ጦሳ ተራራን በጠዋት ጉም ውስጥ፣ ለመኝታ ቤቱ ኮሪደር የገበያ ሴቶች ያሉበት ትንሽ የእርሳስ ሥራ መረጥን። የሰዓሊው ስምና ፊርማ፣ ዓመቱ፣ ልኩ፣ በምን ቀለም እንደተሠራ የሰፈረበት ወረቀት ተቀበልን። ይህን ወረቀት ሳትይዢ ከሰዓሊ ቤት አትውጪ።

አሰቃቀሉ ላይ ሙያዋን ያየሁት በአሮጌ ነጠላ ጫማ ነው። ከጎማው አራት ቁራጭ ቆርጣ ከፍሬሙ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ለጠፈች። ሥዕሉ ከግድግዳው ጣት ያህል ይርቅና አየር ይዘዋወርበታል፤ የውጭ ግድግዳ በክረምት ሲቀዘቅዝ የሚያልበው እርጥበት ሸራውን አያገኘውም። ብሎኬቱን በመሰርሰሪያ በስታ ሁለት ፊሸር (ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) አስገባች፤ በአንድ ሚስማር የተሰቀለ ትልቅ ሥዕል ይዋል ይደር እንጂ መዝመሙ አይቀርም። ረከቦቱ ካለበት ጥግም አራቀችው፤ የከሰልና የዕጣን ጭስ መስታወት የሌለውን ሸራ ቀስ በቀስ ያጠቁረዋል። ቡናውን ከቦታው ለማንሳት አልሞከረችም፣ ብልህ ናት።

ክፍያዋ ለሦስት ጉብኝት ቁርጥ ዋጋ ነበር፣ አስቀድመን የተስማማንበት። ለመጀመሪያው ህትመት ካወጣሁት ግማሹን አይሞላም። አንቺም ማንንም ከመቅጠርሽ በፊት «ከሻጭ የምትቀበለው ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ከተቆጣ ተይው።

የኮምቦልቻ ነገር ከእኛ ይለያል። ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ሙቀቱም ያው እንደምታውቂው ነው። የአንቺ ጠላት ከሻጋታው ይልቅ ፀሐይ ነው። በምዕራብ መስኮት የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ በተለይ ህትመትና የውሃ ቀለም እንዳትሰቅዪ፤ ቀለሙ ይገረጣል። ባለሙያ ከመጥራትሽ በፊት ያንን ባዶ ግድግዳ ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በቀትርና ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፎቶ አንሺው። የልጅቱን ስልክ እሷን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ ስትደውዪላት መጀመሪያ የምትጠይቅሽ እነዚያን ሦስት ፎቶዎች ነው።