አዲሱ አረንጓዴ ቀለም ለምን ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለው አይጽፍም?

ጥያቄ፣ ከሀዋሳ፦ ጋሼ እንደምን ከረሙ። አባቴ መምህር በነበረ ጊዜ ይጽፍበት የነበረውን ፓርከር 51 የሚባል ቀለም የሚሞላ ብዕር ሰጥቶኛል፣ እስካሁን በሰማያዊ ቀለም ነበር የምጠቀምበት። በቅርቡ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ አረንጓዴ ቀለም አመጣችልኝ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ሲታይ ጥቁር ለመሆን ምንም ያልቀረው ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ በጣም ደስ ብሎኝ ወዲያው ሞላሁት። ስጽፍበት ግን መጀመሪያ ሰማያዊ ነገር ወጣ፣ ከዛ ወደ ውሃማ አረንጓዴ ሄደ፣ ደብተሬ ላይ ደግሞ ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ጸጉር አወጡ፣ ገጹን ስገለብጠው ጽሑፉ በጀርባ ይታያል። ቀለሙ ፎርጅድ ነው ወይስ ብዕሩ ተበላሽቷል? ከሰማያዊው ጋር ቀላቅዬ ባጠቁረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽልኝ ተነስቼ ስገምት ቀለሙም ፎርጅድ አይመስለኝም ብዕሩም ደህና ነው። መጀመሪያ የወጣው ሰማያዊ ብዕሩ ውስጥ የቀረው የድሮው ቀለም ነው። ፓርከር 51 ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበ ብዕር ነው፣ ከሌሎቹ የሚለየው ኒቡ (የሚጽፈው የብረት ምላስ) ከሞላ ጎደል ሙሉውን በፕላስቲክ ተሸፍኖ ጫፉ ብቻ ብቅ ማለቱ ነው። እዛ ሽፋን ውስጥ ቀለም የሚያጠራቅም ብዙ ስስ ስንጥቆች ያሉት ክፍል አለ፣ ብዕሩ ቶሎ የማይደርቀውም ቀለም የማያንጠባጥበውም በሱ ነው፣ ግን እዛ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ቀለም አንድ ሁለቴ ውሃ ስላስገባሽና ስላስወጣሽ ብቻ አይለቅም። ስለዚህ አንቺ የጻፍሽው በአረንጓዴው ሳይሆን በሁለቱ ድብልቅ ነው፣ በዛ ላይ ታጥቦ የቀረ ውሃ ካለ ደግሞ ቀለሙን ያቀጥነዋል፣ ውሃማ የሆነብሽም ከዛ ሊሆን ይችላል።

አሁን ያለውን ቀለም አስወጪና በክፍል ሙቀት ባለ ንጹህ ውሃ እጠቢው፣ ሙቅ ውሃ አይሁን። በርሜሉን (የብዕሩን የኋላ እጀታ) ስትፈቺው የብረት ቱቦና የሚጫን ነገር ካለው እሱን እየጫንሽ ውሃ አስገቢ አስወጪ። የሚወጣው ውሃ ንጹህ ሲመስል እንዳትታለዪ፣ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ ውሃ አድርጊና ጫፉን ወደ ታች አድርገሽ አሳድሪው፣ ጠዋት ብርጭቆው ሰማያዊ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከዛ ጫፉን በሶፍት ጠቅልለሽ አስቀምጪው፣ ሶፍቱ የቀረውን እየሳበ ያወጣዋል፣ ሶፍቱ ላይ ሰማያዊ እስካለ ድረስ ገና ነው ማለት ነው። ውሃ እምቢ ካለ ውሃው ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሪበት፣ በኋላ ግን ሳሙናው እስኪለቅ በደንብ ይታጠብ፣ ሳሙና የቀረበት ብዕር ቀለሙን ወረቀት ላይ ያፈሰዋል። አልኮል፣ አሴቶን፣ በረኪና የሚሉ ነገሮች አጠገቡ እንዳይደርሱ፣ የድሮ ፕላስቲክና ጎማ ይጎዳሉ፣ የአባትሽ ብዕር ደግሞ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለም።

እኔ ብሆን ግን አዲስ ቀለም ስሞክር ብዕር አልሞላም። የታጠበ ኒብ ጠርሙሱ ውስጥ ነከር አድርጌ ጥቂት መስመር እጽፋለሁ፣ በጥጥ የተጠቀለለ የጆሮ ማጽጃም አጥቅሼ ሰፋ አድርጌ እቀባለሁ፣ ከዛ እስኪደርቅ እተወዋለሁ። ጠርሙስ ውስጥ ሲታይ የሚጠቁረው ብርሃን የሚያልፈው ቀለም ወፍራም ስለሆነ ነው፣ ወረቀት ላይ ያለው ደግሞ በጣም ስስ ነው፣ ሁለቱ መቼም አንድ አይሆኑም። እርጥቡም ከደረቁ ይለያል። ነክሮ የተጻፈው ራሱ መጀመሪያ ላይ ከመጠን በላይ ጠቆር ይላል፣ እየጻፍሽ ስትሄጂ ነው እውነተኛው መልኩ የሚመጣው።

አረንጓዴ ደግሞ ከሌሎቹ የበለጠ ተለዋዋጭ ነው። ብዙዎቹ አረንጓዴ ቀለሞች ከሰማያዊና ከቢጫ ማቅለሚያ ተደባልቀው ነው የሚሠሩት። ማየት ከፈለግሽ ከቡና ማጣሪያ ወረቀት ቁራጭ ቅደጂና ከጫፉ ትንሽ ራቅ ብለሽ አንዲት ጠብታ አድርጊ፣ ከዛ ጫፉን ብቻ ውሃ ውስጥ ንከሪው። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ ጠብታውን ይዞ ይሄዳል፣ ማቅለሚያዎቹ በተለያየ ፍጥነት ስለሚጓዙ ከላይ አንዱ ከታች ሌላው እየተለየ ይታይሻል፣ ልጆች ካሉ አብረው ቢያዩት ደስ ይላል። ድብልቅ መሆኑ በቀን ብርሃንና በቢጫ አምፖል ሥር የተለያየ የሚመስልበትም አንዱ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ማታ አይተሽው አትፍረጂ፣ ጠዋት መስኮት አጠገብ እዪው። ፀሐይም ላይ አንደኛው ማቅለሚያ ቀድሞ ሊለቅ ይችላል፣ የቀረው ወደ ሰማያዊ ወይ ወደ ቢጫ ያደላል። ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስምሪ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነሽ መስኮት ላይ ለጥፊው፣ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ካርቶኑን ስታነሺ ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ደብዳቤ ወይ ዳያሪ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ ብዙ አያሳስብም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ ግን በዚህ አይነት ቀለም ባትጽፊ እመርጣለሁ።

ፊደሉ ጸጉር ያወጣው ከወረቀቱ ነው። የኛ ደብተሮች አብዛኞቹ የተሠሩት ለእስክሪብቶና ለእርሳስ ነው፣ ወረቀቱ ቀለም ይመጥጣል፣ ስለዚህ ውሃማ ቀለም ሲነካው በክሮቹ መካከል ይሮጣል። የወረቀት ውፍረት ብቻውን ዋስትና አይደለም፣ ዋናው ላዩ እንዴት እንደታሸ ነው፤ ቶሞኤ ሪቨር የሚባለው የጃፓን ወረቀት በካሬ ሜትር 52 ግራም ብቻ የሚመዝን ስስ ሆኖ ሳለ ቀለም ላዩ ላይ ይይዛል፣ ከሱ የሚወፍር ኤፎር ወረቀት ግን ሊያፈስ ይችላል። እነ ሮዲያና ክሌርፎንቴን የሚባሉት ደብተሮች ከተገኙ አሪፍ ናቸው፣ ካልተገኙ የስቴሽነሪ ሱቅ ስትሄጂ ብዕርሽን ይዘሽ ሂጂና ጥግ ላይ አንድ ቃል ጽፈሽ ሞክሪ፣ ባለሱቁን አስፈቅደሽ እርግጥ።

ስትሞክሪ ደግሞ ምን እንደምትጽፊ ልንገርሽ፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው ምክንያቱም የውጭ አገር ሰዎች ቀለም ሲገመግሙ በላቲን ፊደል ነው የሚሞክሩት ለኛ ፊደል ግን ያ በቂ አይደለም። ኃምሱን ጻፊ፦ ሌ ሴ ቄ ቤ ኔ ኬ ጤ ጬ ጴ። እግራቸው ላይ ያለችው ቀለበት ትንሽ ናት፣ ቀለሙ ከሰፋ ወይ ኒቡ ወፍራም ከሆነ ቀለበቷ ትደፈንና ነጥብ ትሆናለች፣ ያኔ ሌላ ሰው ሲያነበው ይደናበራል። ጬ ላይ እግሮቹ ተጠጋግተው ቀለበትም አለ፣ እሷ ክፍት ሆና ከደረቀች ያ ቀለም በዛ ኒብና በዛ ወረቀት ላይ ለአማርኛ ይሆናል። ቀጥለሽ ፈጠን ብለሽ አንድ አንቀጽ ጻፊና መጨረሻው ላይ ወዲያው በጣትሽ ዳበስ አድርጊው፣ ምን ያህል ቶሎ እንደሚደርቅ ታውቂያለሽ።

መቀላቀሉን ተዪው። ሁለት ቀለሞች አሲድነታቸው ወይ ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ካልተስማማ ዝቃጭ ይሠራሉ፣ ዝቃጩ ደግሞ መጀመሪያ የሚደፍነው እነዛን ስስ ስንጥቆች ነው። ለመቀላቀል ተብሎ የተሠራ ቀለም አለ፣ የጃፓኑ ፕላቲነም ሚክስ ፍሪ የሚባሉ ቀለሞች አሉት፣ እሱን ካገኘሽ እንደፈለግሽ ቀላቅዪ። የግድ መሞከር ካማረሽ ግን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ለብቻው አድርገሽ ቀናት አቆዪው፣ ከሥር የረጋ ነገር ካየሽ ድፊው፣ ወደ ዋናው ጠርሙስ ግን ምንም ነገር እንዳትመልሺ።

ብዕሩ ታጥቦ፣ ጥሩ ወረቀት ላይ ተሞክሮም አሁንም ከሳሳብሽ ቀለሙ በተፈጥሮው ቀላል ነው ማለት ነው፣ ሌላ መምረጥ ነው። ጠቆር ያለ ለምትወድ ሰው እኔ የምመርጥላት ፓይለት ኢሮሺዙኩ ብሎ ከሚሸጣቸው ቀለሞች ሺን-ርዮኩን ነው፣ ትንሽ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥልቅ አረንጓዴ ነው። ከዛው ቤተሰብ ቺኩ-ሪን ግን ቢጫ ያለበት ለስለስ ያለ ነው፣ ሲያዩት ያምራል ግን ቀጭን ኒብ ላይ ለማንበብ ያስቸግራል። የዳያሚን ሸርውድ ግሪንም ጠቆር ይላል፣ የሮረር ኤንድ ክሊንግነር አልት-ጎልድግሩን ደግሞ ወደ ወርቅማ የሚሄድ፣ በአንድ ፊደል ውስጥ ፈዘዝና ደመቅ የሚል ነው። የዦ. ኤርባን ኤመራልድ ኦፍ ቺቮር በፎቶ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ ውስጡ የወርቅ ብናኝ አለው፣ ግን ያ ብናኝ ይዘቅጣል፣ ለአባትሽ 51 ፈጽሞ አልመክረውም፣ በቀላሉ ተፈታትቶ ለሚታጠብ ብዕር ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስቴሽነሪ ሱቅ "አረንጓዴ ቀለም አለ?" ሲባል የማህተም ቀለም የሚሰጡ አሉ። እሱ የማህተሙ ፓድ ቶሎ እንዳይደርቅ ተብሎ የተሠራ ወፍራም ነገር ነው፣ ብዕር ውስጥ አይገባም። ለሥዕልና ለድሮዊንግ የሚሸጠው ቻይና ኢንክም እንደዛው፣ ውስጡ የሚያጣብቅ ነገር ስላለው ብዕር ውስጥ ከደረቀ ማስለቀቅ ከባድ ነው።

ጥያቄ፣ ከአዳማ፦ በአረንጓዴ ቀለም መፈረም ጀምሬያለሁ፣ መሥሪያ ቤት አንዳንዶች "ይሄ የባለሥልጣን ቀለም ነው" ይሉኛል። እውነት ነው? ባንክ ላይስ ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወሬው ከባዶ የመጣ አይደለም፣ በሌሎች አገሮች አረንጓዴ የአለቃ ቀለም የሆነበት ቦታ አለ። የእንግሊዝ የውጭ ስለላ ድርጅት በ1909 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የመጀመሪያው አለቃ የነበረው ማንስፊልድ ከሚንግ በአረንጓዴ ቀለም "ሲ" ብሎ ነበር የሚፈርመው፣ ከሱ በኋላ የመጡትም አለቆች ልማዱን ይዘውታል። ጀርመን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሰነድ ላይ በአረንጓዴ የሚጽፈው ሚኒስትሩ ነው። ገጣሚው ፓብሎ ኔሩዳ ደግሞ ሥልጣንን ሳይሆን ቀለሙን ወዶ ነው ግጥሞቹን በአረንጓዴ ይጽፍ የነበረው። አንተም ለደብዳቤህና ለማስታወሻህ ማንም አይከለክልህም።

ቼክ፣ ውል፣ የባንክ ቅጽ ላይ ግን ጥቁር ወይ ሰማያዊ ተጠቀም። ፈካ ያለ አረንጓዴ ፎቶኮፒ ሲደረግ ይጠፋል፣ የተለመደው የብዕር ቀለም ደግሞ ውሃ ሲነካው ይሄዳል፣ ፊርማህ ላይ አንድ ሲኒ ቡና ቢደፋ ምን ሊቀር ነው። አያቶቻችን ብራና ላይ የጻፉት ጥቁር ቀለም ዘመን የተሻገረው ከጥላሸት ስለተሠራ ነው፣ ጥላሸት ውስጥ ያለውን ካርቦን ብርሃን አያደበዝዘውም። ዛሬም ለሰነድ የሚሆን ቀለም ስትገዛ ውሃ የማያስለቅቀው መሆኑ የተጻፈበትን ፈልግ።

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ አረንጓዴ ቀለም በሰው እጅ ልልክለት ነው። ጠርሙሱ አውሮፕላን ላይ ይፈነዳል ይሉኛል፣ እንዴት ላድርግ?

መልስ፦ አይፈነዳም፣ ክዳኑ ካልጠበቀ ግን ሊያንጠባጥብ ይችላል። ክዳኑን አጥብቀህ ዙሪያውን በፕላስተር ጠቅልል፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ ሁለት ጊዜ አሽገው፣ በሶፍት ከበህ ሻንጣ መሀል ልብስ ውስጥ ይግባ። በእጅ ሻንጣ ከሆነ ጠርሙሱ ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም፣ አብዛኞቹ 50 ወይም 80 ስለሆኑ ያልፋሉ። ላሚ የሚባለውን ቀለም ከመረጥክ 50 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ሥሩ ላይ የተጠቀለለ መምጠጫ ወረቀት አብሮት ይመጣል፣ ኒብ ለመጥረግ ይመቻል። ብዕር አብረህ የምትልክ ከሆነ ባዶውን ላከው፣ ግማሽ የተሞላ ብዕር ውስጥ ያለው አየር ከፍታ ላይ ሲሰፋ ቀለሙን ገፍቶ ያስወጣዋል።

በካርትሪጅ (ቀለም ተሞልቶ በታሸገ ትንሽ ቱቦ) ልላክ ካልክ መጀመሪያ ብዕሩ ምን እንደሆነ ጠይቀው፣ የፓርከር፣ የላሚና የፓይለት ካርትሪጅ አንዱ ሌላው ውስጥ አይገባም፣ እንደ 51 ያለ የድሮ ብዕር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ካርትሪጅ ስለማይቀበል ጠርሙሱን ላክለት።