ሥዕላችሁ ገዢ ለሚያጣባቸው ዓመታት

ልጆቼ፣ ከሥዕል ትምህርት ቤት ወጥታችሁ ሁለት ሦስት ዓመት ገዢ ስታጡ «አልሆነልኝም» ለማለት አትቸኩሉ። የኒውዮርኩን ሠዓሊ የኤድዋርድ ሆፐርን የሥራ ዘመን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1913 በአርሞሪ ዐውደ ርእይ አንድ የጀልባ ሥዕሉ በ250 ዶላር ተሸጠለት። ሌላ ቅብ ሳይሸጥ 10 ዓመት አለፈ።

እንጀራው ለመጽሔትና ለማስታወቂያ መሣል ነበር፤ አይወደውም፣ ግን አልተወውም። እናንተም የእንጀራውንና የራሳችሁን ሥራ በቀን ለዩ። በአንድ ቀን ከተቀላቀሉ፣ ለደንበኛ የለመደው ችኩል እጅ ሸራችሁ ላይም ይመጣል።

ከሁሉ የምወድለት ግን በ1915 ኤቺንግ፣ ማለትም በአሲድ ከተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ ሥዕል ወረቀት ላይ ማተም፣ መጀመሩን ነው። የመዳቡ ሰሌዳ ሰም ይቀባል፤ ሰሙ በመርፌ እየተጫረ ይሣልበታል፤ ከዚያ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል፤ በቆየ ቁጥር መስመሩ ይጠልቃል፣ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ይጠቁራል። ሰሌዳው ከቅባት ካልጸዳ ሰሙ ይላቀቅና አሲዱ ያልታሰበ ቦታ ነጠብጣብ ይተዋል። ወረቀቱ በደንብ ካልራሰ ደግሞ ማተሚያው የቱንም ያህል ቢጫነው ቀለሙን ከመስመሩ ውስጥ አያወጣም፤ ኅትመቱ ገርጥቶ ይቀራል። ሆፐር በጣም ነጭ ወረቀትና በጣም ጥቁር ቀለም ይመርጥ ነበር። እዚህ ብርሃን ማለት ሳይነካ የተተወ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ የቱን እንደሚተው ቀድሞ መወሰን ነበረበት። በ1921 ባተመው «የሌሊት ጥላዎች» ከላይ የሚታይ ብቸኛ መንገደኛ አለ፤ የመብራት ምሰሶ ጥላ መንገዱን አቋርጦ ተጋድሟል። በ1942 በሣለው ቅብ በ«ናይትሆክስ» ላይ የምናየው ባዶ መንገድና የሚያበራ መስኮት ያኔ ተጀምሯል ባይ ነኝ።

በ1923 የብሩክሊን ሙዚየም በራሱ ዐውደ ርእይ ላይ ከቀረቡት የሆፐር ሥራዎች አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል በ100 ዶላር ገዛ። ወደዚያ ዐውደ ርእይ እንዲገባ የጠቆመችው ሠዓሊዋ ጆሴፊን ኒቪሰን ናት፤ በማግስቱ ዓመት ተጋቡ። በዚያው ዓመት በሬን ጋለሪ ያሳየው የውሃ ቀለም በሙሉ ተሸጠ፤ ያኔ የመጽሔቱን ሥራ ተወ። 42 ዓመቱ ነበር።

ጆሴፊን ከቤት የሚወጣውን ሥራ መዝገብ ላይ ታሰፍር ነበር፤ ሆፐርም አጠገቡ ትንሽ ንድፍ ይጨምራል። ዛሬውኑ ጀምሩ፦ ንድፍ፣ ልክ፣ ቀን፣ ዋጋ፣ የገዢ ስም። የሸራውን ዓይነት፣ የቀለሙንና የቫርኒሹን ስምም ጻፉ። ሸራው ከዓመታት በኋላ ቢሰነጠቅ፣ የሚጠግነው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።